የያሲር አንገት

ያሲርን ከቀበርን ሦስት ወር ሆነን። ሊያጽናኑኝ የሚመጡ ሁሉ ስለ ልቡ ሕመም ይጠይቁኛል። እኔ ግን ሐዘኑ ሲነሣብኝ ዓይኔ ላይ የሚመጣው አንገቱ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ያ አንገት ባይታመም ኖሮ አላውቀውም ነበር።

በፈረንጆቹ 1994፣ መጋቢት ላይ ነው። አብሮ አደጌን ሕብስትን ልጠይቅ ከጄኔቫ ወደ ዙሪክ በሚሄደው ባቡር ተሳፈርኩ። መስኮት አጠገብ አንድ ያገሬ ሰው ተቀምጦ አየሁና በግራው ቁጭ ብዬ ሰላምታ ሰጠሁት።

«ደህና፣ አልሐምዱሊላህ» አለኝ። ፊቱን ግን አላዞረም፤ ፊት ለፊቱ ያለውን ወንበር እያየ ነው የመለሰልኝ።

«ምነው፣ ሰላም ያለህ ወንበሩ ነው እንዴ?»

ሳቀ። ከዚያ ከወገቡ ጀምሮ መላ አካሉን እንደ ቁም ሣጥን አዙሮ አየኝ። «ይቅርታ እህቴ፣ አንገቴ በዚህ በኩል አይዞርም። ኮምፒውተር ነው እንዲህ ያደረገኝ። በቀኜ ብትቀመጪ ኖሮ ጨዋ ሰው ነበርኩ።»

«እንግዲያው ቦታ እንቀያየር፤ ጨዋነትህን ልየው።»

ተነሣልኝና መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ በመስኮቱ የጄኔቫን ሐይቅ የሚያይ እየመሰለ እኔን ያይ ነበር። ሐይቁ ካለቀ በኋላም ማየቱን አልተወም።

ሥራው ዙሪክ ውስጥ፣ ኦርሊኮን የሚባል ሰፈር፣ አንድ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ነበር። የድሮ ካርዶችን ወደ ኮምፒውተር ያስገባል። ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ካርድ ያጎነብሳል፣ ቀና ይላል፣ መልሶ ያጎነብሳል።

እኔ ጄኔቫ አጠገብ፣ ቬርኒየ ውስጥ በአረጋውያን መኖሪያ እሠራ ነበር። በየቀኑ በእረፍቴ ሰዓት ይደውልልኛል። አንድ ቀን ከድምፁ ጀርባ ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር ሰማሁ።

«እየጻፍክ ነው እንዴ? ስልኩን በምንህ ያዝከው?»

«በትከሻዬና ባንገቴ መሃል።»

«በየትኛው ትከሻ?»

«በግራው።»

ስምንት ወር ሙሉ በታመመው ጎኑ ላይ ተንጠልጥዬ የኖርኩት እኔ ነበርኩ ለካ! «ከዛሬ ጀምሮ በሥራ ሰዓት እንዳትደውልልኝ» አልኩት።

«እንግዲያው አንገቴ ይቅር» አለኝ።

ደስታዬ እንዳይታወቅብኝ ተቆጣሁ። «ይልቅ ቢሮህ ያሉትን የስልክ ማውጫ መጻሕፍት ከኮምፒውተሩ ሥር ደርድርና ከፍ አድርገው። አታጎንብስ!»

አራት ማውጫ ደረደረ። «የዙሪክ ሰው ሁሉ ኮምፒውተር ተሸክሞልኛል» እያለ ይስቅ ነበር። ግን ዘግይቶ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ሐኪሙ ነጭ የአንገት መደገፊያ አሠረለት።

በዚያ መሃል አጎቴ ጋሼ መሐመድአወል ስለ እኛ ሰማ። እንደ አባት ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ያለ እሱ ፈቃድ ማግባት አላስበውም። «ሽማግሌ ከመላኩ በፊት መጥቶ ልየው» አለ።

ያሲር «ለዛቫንሼ» ወደሚባለው ሰፈራችን፣ ቤታችን ድረስ መጣ። አሳንሰሩ ውስጥ መደገፊያውን ፈትቶ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተው።

«ምን ሆነሃል? እሠረው እንጂ!»

«ለበሽተኛ ሰው ይድሩሻል ብለሽ ነው? ሉበና፣ አትነግሪያቸውም። ቃል ግቢልኝ።»

ገባሁለት።

አጎቴ ዝቅ ያለ ሶፋ ላይ ተቀምጧል። የወሎ ልጅ ታላቁ ፊት ጎንበስ ብሎ እጅ ይስማል። ያሲር እንደ ምሰሶ ቆሞ ከላይ እጁን ዘረጋ። አጎቴ በጣቱ ጫፍ ጨበጠው። በግራ በኩል ሲያናግረውም ያሲር ግድግዳውን እያየ መለሰለት።

እንግዳው እንደወጣ አጎቴ «ለእኔ ያልጎነበሰ ለአንቺ ሊጎነብስ ነው? አይሆንም» አለኝ።

ያን ቀን ቃሌን ጠብቄ ዝም አልኩ። በማግሥቱ ግን ቦርሳዬን ስከፍት መደገፊያው እዚያው ነው። ቃሌን ከጠበቅኩ ያሲርን ላጣው ነው። አጎቴ ዙሁርን ሰግዶ እስኪነሣ ጠብቄ ፊቱ አስቀመጥኩት።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የያሲር ነው። አንገቱን ታሟል፤ ስልኩን ባንገቱ ይዞ ሲያወራኝ ባሰበት። እርስዎን ንቆ አይደለም ጋሼ፤ ሕመሙን አፍሮ ነው።»

አገላብጦ አየው። ከዚያ በራሱ አንገት ላይ አሠረው። ተነሥቶ ጫማውን ለማየት ሞከረ፤ አልቻለም። በግራው ወደ ተቀመጠችው ሚስቱ ሊዞር ሲል መላ አካሉ ዞረ።

እትዬ ኩልሱም ሳቋን መያዝ አቃታት። «አሁን ገና ሙሽራ መሰልክ!»

እሱ አልሳቀም። «ሶላቱንስ እንዴት ነው የሚሰግደው?»

«ወንበር ላይ ተቀምጦ።»

መደገፊያውን ካንገቱ ፈታ። «እኔ ደግሞ ትዕቢት አልኩት። አስተግፊሩላህ። ደውዪለት» አለና ወዲያው እጁን አነሣ። «ተይው። ስልኩን ባንገቱ ይዞ ሊያወራ ነው። ራሴ እሄዳለሁ።»

እሑድ አብረን ሄድን። ያሲር ኦርሊኮን ባቡር ጣቢያ ቆሞ ጠበቀን። አጎቴን ሲያይ ፊቱ ገረጣ፤ ጥርሱን ነክሶ መጎንበስ ጀመረ።

«ቁም!» አለው አጎቴ። አጭር ሰው ነው፤ በእግሩ ጣቶች ተንጠራርቶ ትከሻውን ሳመው። ከዚያ መደገፊያውን ከኪሱ አውጥቶ በገዛ እጁ አሠረለት። «ሲሻልህ ትጎነብስልኛለህ። እስከዚያ እኔ እንጠራራለሁ።»

ያሲር ማልቀሱን ልደብቅ ቢል ፊቱን የሚያዞርበት አንገት አልነበረውም።

በዚያው ዓመት ኒካሕ አሠርን። አንገቱ ለመዳን ሁለት ዓመት ፈጀበት። የዳነ ቀን በቀጥታ ወደ ለዛቫንሼ ሄዶ የአጎቴን ጉልበት ሳመ።

ይኸው ስንት ዓመት በፍቅር ኖርን። አላህ የሰጠኝን አልቆጥረውም።

መቃብር የወረዱት ወንዶቹ ናቸው። አጎቴም አርጅቶ፣ በሰው ተደግፎ ሄዶ ነበር። ሲመለስ አጠገቤ ቁጭ አለ።

«ሉበና፣ ፊቱን ወደ ቂብላ አድርገን በቀኝ ጎኑ አስተኛነው። አንገቱ ምንም አላስቸገረንም።»

ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለኝ። «በቀኙማ ሁልጊዜም ደህና ነበር፣ ጋሼ» አልኩት።