‹ተረጋግጧል› የተባለው ጨረር

ሄርሜላ ሰሌዳው ላይ የለጠፈችው ቻርት የእጅ ጽሑፉ የራሷ ነው። ሐሳቡ ግን ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው የከድጃ ነበር።

«ጥቁር ቁስ በዓይን አይታይም» አለች ሄርሜላ ፈገግ ብላ። «ግን ቅንጣቱና ፀረ-ቅንጣቱ ከተገናኙ ሁለቱም ይጠፉና ጋማ ጨረር ይወጣል። ሳይንቲስቶች የሚፈልጉት ያንን ምልክት ነው።»

ከድጃ አንጀቷ እርር አለ። ባለፈው ወር፣ ከለቡ ወደ መካኒሳ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ «ለአንድ ቀን ብቻ አውሺኝ» ብላ ደብተሯን የወሰደችው ይቺው ጓደኛዋ ናት። ለክፍለ ከተማው የሳይንስ ውድድር ከክፍሉ የሚላከው አንድ ተማሪ ብቻ ነው፤ በስም ጥሪ ተራ ደግሞ ሄርሜላ ቀድማ ስለምታቀርብ ገልባጭ የምትመስለው ከድጃ ናት።

ቆይ፣ አሳይሻለሁ አለች በልቧ። ደብተሩን ያዋሰችው ሳታርመው ነበር። ሄርሜላም ስህተቱን ሳይቀር ገልብጣዋለች።

«ጥያቄ ያለው?» አሉ ቲቸር አምሐ።

ከድጃ እጇን አወጣች። «ከጋላክሲያችን መሃል የሚመጣው ጨረር የጥቁር ቁስ መሆኑ ተረጋግጧል ብለሽ ጽፈሻል። በምን ተረጋገጠ?»

«በ... በቴሌስኮፕ።»

«ፐልሳር የሚባሉ ኮከቦችም እንደዚያ ዓይነት ጨረር ይረጫሉ። የነሱ አለመሆኑን በምን አወቅሽ?»

ሄርሜላ ወደ ቻርቱ ዞረች። ‹ተረጋግጧል› የሚለውን ቃል ደግማ አነበበችው።

«ተበላች!» አለ ሚኪ ከኋላ ወንበር። ክፍሉ በሳቅ አውካካ፤ የከድጃ ልብ ቅቤ ጠጣ።

ቲቸር አምሐ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሳይንቲስቶቹ ገና እየተከራከሩበት ነው። ‹ተረጋግጧል› ብሎ የጻፈ ሰው ሳያጣራ የሚደመድም ሰው ነው። እንዲህ ዓይነቱን ለውድድር አልልክም።»

ክፍሉ እንደገና ሳቀ። አሁን የጋለው የከድጃ ፊት ነበር፤ ቃሉን መጀመሪያ የጻፈችው እሷ ናት።

«ቀጣይ፣ ከድጃ።»

ደብተሯን ከቦርሳዋ አወጣች። ያ ዓረፍተ ነገር በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ፣ ደብተሩን ከማዋሷ በፊት የተጻፈበት ቀን ከጎኑ አለ። ለስርቆቱ ከዚህ ሌላ ማስረጃ የላትም፤ ካሳየችው ግን እሷም አትላክም። ዝም ብላ የታረመውን ብታቀርብ ማለፏ አይቀርም፤ ሄርሜላ ግን ተሳሳተች እንጂ ሰረቀች አትባልም። ይኼን ማሰብ እንኳ አቃጠላት።

ሄርሜላ እንባዋን እየዋጠች ቻርቱን ትነቅላለች። ከድጃ አላዘነችላትም። ወደ ፊት ሄዳ ደብተሩን የመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ገልጣ አስቀመጠችው።

«ስህተቱ የኔ ነው ቲቸር» አለች፣ ሄርሜላን ዓይን ዓይኗን እያየች። «የቀረውም ሁሉ የኔ ነው።»