እንብላ ያልኩት ሽፍታ

ጂን ነው፣ ዛር ነው፣ ጥላ ወጊ ነው የሚባለውን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ የማልቀበል ሰው ነኝ፣ ደሴ ሳለን እናቴ በመግሪብ ሰዓት ደጅ የፈላ ውሃ አትድፉ ስትል ሆን ብዬ የምደፋው እኔ ነበርኩ፣ ሜልቦርን ከመጣሁም በኋላ ያበሻ ሰው ሰብሰብ ብሎ እገሌ ቤት ኮቴ ይሰማል፣ እገሊት ቤት መብራት በራሱ ይበራል እያለ ሲያወራ ተነስቼ ሲጋራ ላጨስ የምወጣው እኔው ነኝ። ስለዚህ የምነግራችሁን ሰምታችሁ "ይሄ ሰውዬስ ለየለት" ብትሉ አልቀየማችሁም፣ ከሌላ ሰው ብሰማው እኔም ያንኑ ነበር የምለው። ግን ሆነ። እመኑኝ ሆነ፣ በጆሮዬ ሰማሁት፣ በዓይኔ አየሁት፣ ይባስ ብሎም ቀመስኩት።

ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ሜድስቶን ውስጥ ከትልቁ የገበያ ማዕከል ጀርባ አንዲት ባለ አንድ ክፍል ዩኒት ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ፣ ባለቤቴ ዘሃራ አዲስ አበባ እህቷ ቤት ናት፣ ስፖንሰር አድርጌያት ወረቀቱ ካንዱ ቢሮ ወደ ሌላው እየተንከባለለ ዓመታት አልፈዋል። ቀን ቀን የምሠራው የዶሮ ሥጋ ፋብሪካ ነው፣ ማሽኑ ስለሚጮህ ጆሯችንን ሸፍነን ነው የምንውለው፣ ማታ ቤቴ ስገባ ደግሞ ማን አለና ያናግረኛል፣ አንዳንድ ቀን የራሴን ድምፅ የምሰማው ትራም ላይ "ታንክ ዩ" ስል ብቻ ነበር። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይላል ያገሬ ሰው፣ እኔ ደግሞ ቁርስም ምሳም እራትም ብቻዬን ነበር የምበላው።

እሁድ ሲመጣ ይብሳል። ለዚህ ነው በባቡር እየተሳፈርኩ አሮጌ ዕቃ ወደሚሸጥበት የእሁድ ገበያ መሄድ የጀመርኩት፣ የምገዛው ነገር ኖሮኝ ሳይሆን ሰው ሲጨቃጨቅ ለመስማት ነው። እዚያ ሬይ የሚባል ሽማግሌ እንግሊዛዊ በታጣፊ ጠረጴዛ ላይ የጥንት ሳንቲሞች ዘርግቶ ይሸጣል፣ መጀመሪያ ቀን ቆሜ ሳይ ስሜን ጠየቀኝ፣ በሳምንቱ ስመለስ "ይማም፣ እንዴት ሰነበትክ?" አለኝ። በዚያ ከተማ ስሜን ጠይቆ በሳምንቱ ያልረሳው የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። እንግዲህ እኔ የደሴው ልጅ የሮማ ሳንቲም ሰብሳቢ የሆንኩት በዚህ ምክንያት ነው፣ ሳቁ፣ ግድ የለም፣ ጓደኞቼም ስቀዋል።

ሬይ ከነገሥታቱ ሁሉ አብልጦ የሚወደው ከሮም የተገነጠለውን አንዱን ነበር። ሰውዬው መርከበኛ ነበር አሉ፣ ባሕር ጠብቅ ተብሎ ተልኮ፣ ከወንበዴዎች የማረከውን ለራሱ አስቀረ ተብሎ ሞት ሲፈረድበት፣ መርከቦቹን ይዞ ወደ ብሪታንያ ደሴት ተሻገረና ራሱን በራሱ አነገሠ። "ሽፍታ ነዋ!" አልኩት። ሽፍታ ምን ማለት ነው ብሎ ጠየቀኝ፣ አስረዳሁት፣ ቃሉን ወደዳት፣ ከዚያ ወዲያ ያንን ረጅም ስሙን ትቶ "ሺፍታው" ይለው ጀመር። እኔም የሱን ብቻ መሰብሰብ ጀመርኩ። አዲስ ለማቅለጥ ጊዜ ባጣበት ወቅት በሌላ ንጉሥ ሳንቲም ላይ የራሱን መልክ ደርቦ ያስመታ ነበር፣ በማጉያ መነጽር ስታዩት ከዚያ ከወፍራም አንገቱና ከጺሙ ሥር የሌላ ሰው አፍንጫ ብቅ ይላል። በአንዱ ላይ ደግሞ የሮምን ሁለት ነገሥታት ከጎኑ አስቀርጾ "ወንድሞቼ" ብሏቸዋል፣ እነሱ ግን መጥተው ሊያጠፉት መርከብ እያሠሩ ነበር። ይህን ስሰማ ሆዴ ባባ። ሰው ብቻውን ሲቀር የማይፈልጉትን ሁሉ ወንድሞቼ ይላል።

አንድ እሁድ፣ ሰኔ ነው፣ እዚያ ደግሞ ሰኔ የብርድ ወር ነው፣ ሬይ ገና ከሩቅ ሲያየኝ እጁን ኪሱ ከተተ። ጠርዙ የተቆረሰ ስለሆነ ሌሎቹ ሰብሳቢዎች የናቁት የብር ሳንቲም ነበር ያስቀመጠልኝ። ባንድ ወገን ሽፍታው አለ፣ በሌላው ወገን አንዲት ሴት እጇን ዘርግታ ትጨብጠዋለች። ሴትየዋ ደሴቲቱ ናት አለኝ፣ ዙሪያውን የተጻፈው ደግሞ "ና፣ ስንጠብቅህ ነበር" ማለት ነው።

"እውነት ሲጠብቁት ነበር?" አልኩት።

ሬይ ሳቀ። "ማን ይጠብቀዋል? ራሱ ነው ያስጻፈው።"

በባቡሩ መንገድ ሁሉ ሳንቲሟን ሳገላብጣት መጣሁ። ቱላማሪን አየር ማረፊያ የደረስኩበት ቀን ትዝ አለኝ፣ የጠበቀችኝ ስሜን በካርቶን ላይ ጽፋ የቆመች የማላውቃት ሴት ነበረች፣ ከዚያ በኋላ ግን የስንቱን ጓደኛ ሚስት አበባ ይዤ ተቀብያለሁ መሰላችሁ፣ የራሴን ብቻ ሳልቀበል።

ቤቴ ስደርስ ዝናብ ነው፣ መግሪብ ገና ማለፉ ነው፣ የጋዝ ማሞቂያውን ለኮስኩና ምስር ወጡን አሞቅኩ። ፉትስክሬይ ካንዲት ያገር ልጅ የምገዛውን እንጀራ በትልቁ ትሪ ላይ ዘረጋሁ፣ ሌላ የሚበቃው ዕቃ የለኝማ። ወንበሮቼ ሁለት ናቸው፣ ባንዱ እቀመጣለሁ፣ ከፊት ለፊቴ ባለው ላይ የሥራ ልብሴና ጃኬቶቼ ይቆለላሉ፣ ቤቱን ከተከራየሁ ጀምሮ ሰው ተቀምጦበት አያውቅም። ሳንቲሟን በስኒ ማስቀመጫ ላይ አድርጌ ከትሪው ማዶ አስቀመጥኳት፣ ሽፍታው ወደ ላይ ሆኖ።

እጄን ታጥቤ ልቆርስ ስል ዓይኔ ፊቱ ላይ አረፈ። ያበሻ ነገር ታውቁታላችሁ፣ ሰው እያየን ዝም ብለን መጉረስ አንችልም፣ አውቶቡስ ላይ ለተቀመጠ ለማናውቀው ሰው እንኳ ቆሎ ይዘን እንብላ እንላለን። "እንብላ፣ ጃንሆይ" አልኩት። ቀልዴን ነው። ስህተቱ ግን እንብላ ማለቴ አልነበረም፣ ቢስሚላህ ሳልል ማለቴ ነው። እናቴ ቢስሚላህ ባልተባለበት ማዕድ ሌላ እጅ ይገባል ትለን ነበር፣ እኔ ደግሞ ብቻዬን መብላት ከጀመርኩ ወዲህ፣ ሰሚ ስለሌለ ይሁን አላውቅም፣ ትቻት ነበር።

አንድ ሁለት ጊዜ እንደ ጎረስኩ የውጪው የሽቦ በር ሲ...ጥ አለ። ይህ በር ስፕሪንጉ የላላ ነው፣ ነፋስ ከፍቶ ሲለቀው ጓ ብሎ ነው የሚዘጋው፣ ጎረቤቶቼም በሱ የተነሳ ወቅሰውኛል። ያን ማታ ግን ቀስ ብሎ፣ ሰው እንዳይረበሽ በእጁ ይዞ እንደሚመልሰው እንግዳ፣ እየተለሳለሰ ተዘጋ። ወዲያው ስኒ ማስቀመጫው ላይ ያለችው ሳንቲም ቅጭል አለች።

ተነስቼ በሩን ከፈትኩ። ማንም የለም፣ ዝናብ ብቻ ነው፣ ከጎረቤት ቤት የእግር ኳስ የሚያወራ ራዲዮ ይሰማል። ጨው ጨው የሚል የባሕር ሽታ አፍንጫዬ ገባ፣ ሜድስቶን ደግሞ ባሕር አጠገብ አይደለም። በሩን ዘግቼ ዞር ስል ጃኬቶቼ ከወንበሩ ላይ የሉም። ጥግ ካለው አልጋ ላይ ናቸው፣ ተጣጥፈው። እኔ ልብስ አጥፌ አላውቅም፣ ዘሃራ ምስክሬ ናት። ወንበሩም ወደ ማዕዱ ጠጋ ብሏል።

ትሪውን አየሁት። በኔ በኩል እኔ የቆረስኩበት አለ። በማዶው በኩል ደግሞ ከጠርዙ ጀምሮ ተበልቷል፣ በሥርዓት፣ ጨዋ ሰው እንደሚበላው ከፊቱ ብቻ፣ ወደኔ ሳያልፍ። እና በኔ በኩል፣ እጄ በሚደርስበት ቦታ፣ በደንብ የተጠቀለለች አንዲት ጉርሻ ተቀምጣለች።

"ማነው?" አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ወጣ። ማሞቂያው ብቻ ጠቅ ጠቅ ይላል።

ሌላ ሰው ቢሆን ይሮጥ ነበር፣ እኔም መሮጥ ነበረብኝ። አፍሬ ልንገራችሁ፣ ተቀመጥኩ። ያቺን ጉርሻ አየኋት፣ ሰው በእጁ ካጎረሰኝ ስንት ዘመኑ ነው፣ ሰው ለኔ ብሎ እንጀራ ከጠቀለለ ስንት ዘመኑ ነው። አነሳሁና ጎረስኳት። ምስሩ የኔው ምስር ነው፣ ግን ጨው በዝቶበታል፣ እኔ እንደዚያ አድርጌ ጨው አልጨምርም። ጉንጬ እስኪርስ አለቀስኩ፣ ፍርሃት ይሁን ሌላ አላውቅም።

ከዚያ ለራሴ ማጽናኛ ፈለግኩ፣ የሰው ልብ ከሩቅ ይገናኛል ይባል የለ፣ ዘሃራ ብትሆንስ አልኩና የስልክ ካርዴን ፍቄ ደወልኩላት፣ እዚያ ገና ረፋድ ነው።

"ዘሃራዬ፣ ዛሬ ምን በላሽ?"

"ምን ሆነሃል? ድምፅህ ልክ አይደለም።"

"ምንም አልሆንኩም። ማዕድ ላይ ሆነሽ ለኔ ብለሽ ጉርሻ ጠቅልለሽ አስቀምጠሽ ነበር?"

ሳቀች። "አንተ! ጾመኛ እኮ ነኝ፣ የረመዳን ቀሪዬን እያወጣሁ ነው። ማዕድ የሚባል ነገር ከማታ ጀምሮ አላየሁም።" ደግሞም፣ "ምነው፣ አንድ ብቻ ነው እንዴ ያጎረስኩህ? አንድ ጉርሻ እኮ ያጣላል" አለችኝ።

በማግስቱ ለሁሴን ነገርኩት፣ ሁሴን ታክሲ የሚነዳ የወሎ ልጅ ነው፣ የልቤ ጓደኛ እሱ ነበር። መጀመሪያ "ደብል ሺፍት ስትሠራ ከርመህ ታየርድ አድርጎህ ነው፣ ሲክ ሊቭ ውሰድና እረፍ" ብሎ አሾፈብኝ። ወዲያው ፊቱ ኮስተር አለ።

"ቢስሚላህ ብለህ ነበር?"

"አላልኩም።"

"እንብላስ?"

"ብያለሁ።"

"አይ ይማም!" አለ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ። "ሳይጠሩት የመጣ ቢሆን ይባረራል። አንተ ራስህ የጠራኸውን እንግዳ፣ ያውም ከእጁ ጎርሰህ፣ በምን አፍህ ውጣ ትለዋለህ?" ቤቴ ሻይ ልጠጣ ብሎ የመጣው ሁሴን ሻዩን መኪናው ውስጥ ሆኖ ጠጥቶ ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢስሚላህ ጮክ ብዬ ሳልል አልቆረስኩም፣ በሩም ሲጥ አላለ፣ ሳንቲሟም ቅጭል አላለች። ሰላም ሆነ ትላላችሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፋብሪካው ውስጥ ስጮህ ውዬ፣ ማንም ሳይሰማኝ፣ ያንን ባዶ ወንበር እያየሁ ስቀመጥ፣ ቢስሚላህን አውቄ ልተዋት ያማረኝ ማታ አንድ ሁለት አይደለም። ይህን ለሁሴን እንኳ አልነገርኩትም።

በዓመቱ የዘሃራ ቪዛ ወጣ። ደስታዬን መቼም አልነግራችሁም፣ ግን ያንኑ ሌሊት ፍርሃት ገባኝ፣ ይህች ልጅ ስንት ዓመት ጠብቃኝ ምን ያለበት ቤት ነው የማስገባት? እሁድ ሳንቲሟን በጨርቅ ጠቅልዬ ለሬይ መልሼ ሰጠሁት።

"ሺፍታው ምን በደለህ?" አለኝ።

"ምንም፣ ሚስቴ ልትመጣ ነው።"

"ታዲያ ይኸው ብቻውን ሊቀር ነው ማለት ነዋ" አለና ከሳጥኑ ከተታት። ቀልዱን ነው፣ እኔ ግን የባቡሩን መንገድ ሁሉ ጥፋት እንዳጠፋ ሰው አንገቴን ደፍቼ መጣሁ።

ዘሃራን አበባ ይዤ ተቀበልኳት። በማግስቱ ማታ ምስር ወጥ ራሷ ሠርታ በዚያው ትሪ አቀረበች፣ ከጎኔ እንድትሆን ሣጥን ላይ ተቀመጠች፣ የማዶው ወንበር ጸድቶ ባዶውን አለ። እጃችንን ታጠብን። ቢስሚላህን እኔ ቀድሜ፣ ጮክ ብዬ ልላት ተዘጋጅቼ ነበር፣ አፌን ስከፍት የሽቦው በር ሲ...ጥ አለ። ቀስ ብሎም ተዘጋ።

ዘሃራ የሰው ፍቅር ያላት፣ ከጨዋ ቤት የወጣች ልጅ ናት፣ ፊቷ በርቶ ቀና አለች።

"ማነው? ይግቡ! አማትዎ ይወዱዎታል፣ እንብላ!"

"ማንም የለም፣ ነፋስ ነው" አልኳት።

"ነፋስ ደግሞ በር እንዲህ ቀስ አድርጎ ይዘጋል? ጎረቤት ይሆናል፣ አፍሮ ነው።" ትሪውን ወደ ባዶው ወንበር ገፋ አደረገችው። "ይልቅ ጠጋ በልላቸው።"

ሳንቲሟ በሬይ ሳጥን ውስጥ ናት፣ እመኑኝ፣ በገዛ እጄ ነው የሰጠሁት፣ ግን ከመደርደሪያው ላይ ስኒ ማስቀመጫው ቅጭል ሲል ሰማሁ። ቢስሚላህ ምላሴ ላይ ነበረች። ብላት ይሄዳል፣ ያንን አውቃለሁ። ዝናብ ላይ ቆሞ፣ ማንም ሳይጠብቀው፣ ሲጠብቁኝ ነበር ብሎ ራሱ ያስጻፈው ያ ሰውዬ ታየኝ፣ ቃሏን ዋጥኳት።

ጠጋ አልኩ።