ሦስት ጊዜ የሞተው ጌጅ

የመጀመሪያ ቀን እንደ ሌባ ነው ያየኝ።

አጎቴ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ የምሠራው እኔ ነኝ። ኮፈኑን ከፍቼ ሳጎነብስ ባለመኪናው አጠገቤ ቆሞ ዓይኑን ከእጄ ላይ አልነቅል አለ። ዕቃ እንዳልቀይርበት ብሎ እያንዳንዱን በነጭ ቀለም ምልክት አድርጎበት ነበር የመጣው።

«ካላመንከኝ መኪናህን ይዘህ ሂድ» አልኩት።

«አንቺን ብዬ አይደለም እህቴ፤ ሁለት ጋራዥ ተጫውቶብኛል። ደግሞ የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው። እዚያ የማይጠራጠር ሰው፣ ሰው ይገድላል።»

ሳልወድ በግዴ ሳቄ መጣ።

መኪናዋ የሟች አባቱ ናት። ሞተሯ አልስተካከል ሲለው ሌላ ቦታ ወስዶ አዲስ የሞተር ኮምፒውተር አስገጠመላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሞተሩን ዙር የሚቆጥረው፣ ከፋብሪካ አብሯት የመጣው ጌጅ ዜሮ ላይ ተኝቶ ቀረ። ችግሩ ቀላል ነበር። ጌጁ ለሞተሩ እሳት ከሚሰጠው ኮይል የሚመጣ ኃይለኛ ምት የለመደ ነው፤ አዲሱ ኮምፒውተር የሚልክለት ግን ደካማ ምልክት ነው። በምልክት ሽቦውና በአሥራ ሁለት ቮልቱ መካከል ምልክቱን ከፍ የምታደርግ አንዲት ሬዚስተር በየድኩ፣ ናስትሮ ጠቀለልኩባት፣ ኮምፒውተሩ ላይም የሲሊንደሩን ቁጥር አስተካከልኩ። ሞተሩ ሲነሳ ጠቋሚው ብድግ አለ።

ቀና ስል እሱ የሚያየው ጌጁን አልነበረም። ዓይኔን ሰበርኩ።

በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ጠቋሚው ሞቷል። የምልክት ሽቦዋን ተለያይታ አገኘኋት፤ በደንብ ሳላይ ብየዳዬ ለቆ ነው ብዬ ይቅርታ ጠየቅኩና እንደገና በየድኩ። በሌላው ሳምንትም ያው። መካኒኮቹ «መርማሪው መጣ!» እያሉ ይሳሳቃሉ። አጎቴ ግን አልሳቀም።

«ስሚ ልጄ፣ ‹ሴት ልጅ ሽቦ አትነካም› ያሉኝን ሁሉ አፍ ያስያዝኩት በአንቺ ሥራ ነበር። አሁን ምን ልበላቸው? ይቺን ጨርሺና ከሰኞ ጀምሮ ቢሮ ገብተሽ ስልክ አንሺ።»

የገዛ እጄን ተጠራጠርኩ። ባትሪ አብርቼ ናስትሮውን ፈታሁት። ብየዳው ንቅንቅ አላለም። ሽቦዋ ግን ከብየዳው አለፍ ብላ ተቆርጣለች፤ በመቀስ፣ ጥርት ብላ። መንቀጥቀጥ እንዲህ አድርጎ አይቆርጥም።

መጀመሪያ መካኒኮቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ማን ነው የሚጠላኝ? በኋላ ነገሩ ገባኝ። ሳምንቱን ሙሉ መኪናዋ ያለችው እሱ እጅ ነው።

«ይቺን ማን ቆረጣት?» አልኩት፣ ሽቦዋን እያሳየሁት።

ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ።

«እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «ሌላ መምጫ ምክንያት አጣሁ።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር መሰለኝ። እኔ ግን ጮህኩበት። «አንተ እኔን ልታይ ብለህ እኔ ከሥራዬ ተነሳሁ! ስሜን አጠፋኸው!» የመኪናዋን ቁልፍ ኮፈኑ ላይ ወርውሬለት ሄድኩ።

ሰኞ ጠዋት ከስልኩ ጋር ተፋጥጬ ሳለሁ በእግሩ መጣ፣ ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ። ሰው ሁሉ እየሰማ አጎቴ ፊት ቆመ።

«ጋሼ፣ ሥራዋ እንከን የለውም። ሁለቴም ሽቦውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። እሷን ለማየት ብዬ ነው።»

«እና በሩ ላይ መጥተህ ሰላም ብትል ማን ይከለክልህ ነበር?» አለው አጎቴ።

«ፈርቼ ነው።»

ጋራዡ በሳቅ ተናጋ። አጎቴ ወደ እኔ ዞሮ «ውጪ ከዚያ ቢሮ፤ ሥራሽ ይጠብቅሻል» አለኝ።

ቂሜ ግን ቶሎ አልለቀቀኝም። ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው በእግሩ እየመጣ ሰላም ይለኛል፤ ምንም ሳይጠይቅ ይመለሳል። እኔም ባየሁት ቁጥር ‹ዛሬስ ምን አስቦ ይሆን?› እላለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ጠረጠርኩት፤ ምንም አላገኘሁበትም።

አንድ ቅዳሜ ቀረ። እስከ እኩለ ቀን በሩን በሩን ሳይ ዋልኩ። በመጨረሻ እጄን ታጥቤ መድኃኒት ቤቱ ሄድኩ። ተረኛ ባልደረባው ቀርቶበት ብቻውን ይሠራል።

«ምን አመመሽ?» አለኝ ደንግጦ።

«ደህና ነኝ። ሳትመጣ ስትቀር ቀኑ አልገፋ አለኝ።»

የያዘውን ብልቃጥ ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መውጣት አልችልም» አለ፣ ትቼው እንዳልሄድ እየሰጋ።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ጠበቅኩትም።