የእህቴን ዓይን ያጠፋው ሐኪም

ወላሂ ይህ ፈጠራ አይደለም። ማመን አለማመን የእናንተ ነው... እኔ ግን ያየሁትን ነው የምጽፈው።

ቦንጋ። ሐሙስ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል። ውጭ ካፊያ ነበር።

ግን ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

ፋኢዛ እባላለሁ። ቦንጋ ገበያው አጠገብ ከአባታችን የወረስነው የጨርቅ ሱቅ አለን። ታላቅ እህቴ ሀኪማ ደግሞ ዋጫ ከተማ ባዮሎጂ ታስተምር ነበር።

ከልጅነቷ ጀምሮ ወፍራም መነጽር ነው የምታደርገው። ሠርጓ ሲቃረብ "ያለ መነጽር መሞሸር አማረኝ" አለችኝ።

ሐኪሙን የመረጥኩት እኔ ነኝ።

ቴሌግራም ላይ ነው ያገኘሁት፤ አዲስ አበባ ነው የሚሠራው። "በአሥር ደቂቃ ሌዘር፣ መነጽር ደህና ሰንብት!" ይላል። ነጭ ጋዋን፣ ያማረ ፈገግታ... በቃ አመንኩት።

እዚህ ቦንጋ መነጽር የሚለኩልን ጋሽ ዋለ አስጠንቅቀውኝ ነበር።

"ልጄ፣ ሰውየው የዓይን ስፔሻሊስት ነው? የሙያ ፈቃዱን አይታችኋል? የሀኪማ ዓይን የፊት ሽፋኑ ስስ ነው። በደንብ ሳይለካ ሌዘር እንዳይነካት።"

"መነጽር መሸጡ እንዳይቀርብዎት ነው አይደል?" አልኳቸው።

ይህቺ ቃል እስከ ዛሬ ትቆረቁረኛለች።

ሰውየው ምንም አልለካም። በአንድ ቀን ሁለቱንም ዓይኗን ሠራት። በሦስተኛው ቀን መግል ያዘ። ስደውልለት "የተለመደ ነው" አለኝ። ከዚያ ወዲያ ስልኩን አላነሳም።

በወሩ ሀኪማ ጨለመባት።

ሠርጉም ቀረ። አቤት ልንል ስንሄድ ክሊኒኩ ተዘግቷል። ለካ ሰውየው ዓይን ለመሥራት ፈቃድ ኖሮት አያውቅም!

ሀኪማ አላለቀሰችም። አልተራገመችም። ከሶላት በኋላ እጇን ዘርግታ ለረጅም ጊዜ ዱዓ ታደርጋለች።

"ምን እየለመንሽ ነው?" አልኳት አንድ ቀን።

"ማየት እንዳይመስልሽ" አለችኝ።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ።

ያን ሐሙስ ሱቅ ተቀምጠን ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና አለፈ። "...የዓይን ስፔሻሊስቱ ከአዲስ አበባ ወደ ከተማችሁ መጥተዋል..." የተጠራው ስም ሌላ ነው። ሀኪማ ግን የጨርቅ መቁረጫውን መቀስ አስቀመጠችና ጆሮዋን ሰጠች። ፈገግ አለች።

"የሚናገረው ራሱ ሰውየው ነው" አለች በሹክሹክታ። "ውሰጂኝ።"

"ፖሊስ እንጥራ እንጂ!"

"በኋላ። መጀመሪያ ይየኝ።"

ሌላ ጊዜ ክንዴን ካልያዘች አንድ እርምጃ አትራመድም። ያን ቀን ግን ከፊቴ ነበረች። ጉድጓዱን ታልፋለች... ኩሬውን ትዞራለች... እኔ ነኝ የምሮጠው።

ሰውየው የሚመረምረው አንድ ሆቴል ውስጥ ነበር። ወረፋ የያዙት ሰዎች ሲያዩዋት ማንም ሳይነግራቸው መንገድ ለቀቁ። የሚያለቅስ ሕፃን ነበር... ዝም አለ።

ክፍሉ በመጋረጃ ጨልሟል። የመመርመሪያው መብራት ብቻ በርቷል። ሰውየው አላወቃትም። ስንቱን ዓይን ያስታውሳል!

"አገጭሽን እዚህ... ጎሽ። ወደ ብርሃኑ ተመልከቺ።"

ጎንበስ ብሎ በማሽኑ አያት።

"ማነው... ማነው የሠራሽ?"

"አንተ" አለችው። "እስቲ ደህና አድርገህ እይ።"

ራሱን ሊያነሳ ታገለ። ግንባሩ ማሽኑ ላይ የተጣበቀ ይመስል ነበር። ጥፍሮቹ ጠረጴዛውን ቧጠጡት...

ከዚያ ቀና አለ።

"መብራቱን ማን አጠፋው?"

ማንም አላጠፋውም። ፊቱ ላይ እየበራ ነበር።

"መብራት! ኧረ መብራቱን አብሩልኝ!"

እየዳበሰ መጥቶ ክንዴን ጨበጠ። "እህቴ... በፈጠረሽ... አስወጪኝ..."

እውነቱን ልንገራችሁ? ደስ አለኝ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ከክንዴ ላይ አላቀቅኳቸው።

"የተለመደ ነው" አልኩት።

ጅማ ወሰዱት። እዚያ የመረመሩት ሐኪሞች "ዓይኑ ጤነኛ ነው" አሉ። አያይም እንጂ ምንም አልጎደለውም። ፖሊስም የምስክር ወረቀቱን ሐሰተኛ ሆኖ አገኘው፤ በዋስ ተለቀቀ።

ሰውየው ጅማ በተወሰደበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ሀኪማ ግድግዳው ላይ አፍጥጣ ተቀምጣለች።

"ነጭ ጣሪያ" አለች ድንገት።

"ምን?"

"ነርሷ ቀይ ሹራብ ለብሳለች... የጥፍሯ ቀለም ተልጧል።"

ቤቱን ዞር ብዬ አየሁት፤ ከሁለታችን በቀር ማንም የለም።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሆነ። የማላውቀውን መንገድ ትነግረኛለች። የማላውቀውን ሰው ፊት። አንድ ጠዋት ሻይ እየጠጣን ከት ብላ ሳቀች።

"ደረጃው ላይ ወደቅን" አለች።

ወደቅን...

ባለፈው እሁድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሀኪማ ጓዳ ጋደም ብላለች።

"ቦንጋ ገብቷል" አለችኝ።

"ሀኪማ፣ ተይ..."

"ጭቃው አያስኬድም... የመስጊዱን ጥግ ዞረ... አረንጓዴ በር።"

የእኛ በር አረንጓዴ ነው።

ማንም አላንኳኳም። ሄጄ ከፈትኩት።

ብቻውን ቆሟል። መሪ የለው... ምርኩዝ የለው... እስከ ጉልበቱ ጭቃ። ፊቴ ላይ ያፈጠጡት ዓይኖቹ አይርገበገቡም።

ከኋላዬ፣ ከጓዳው፣ የእህቴ ድምፅ መጣ። እንደ ድሮው ለስለስ ያለ...

"ውይ ፋኢዛዬ... እንዴት ከስተሻል!"