መርከብ የማይታይበት ጥግ

ሁሉንም ያበላሸው የበሩ ቁልፍ ከሟቹ ጋር መውደቁ ነው።

ኩ ቡን ሊዮንግ ከቤቱ ሰገነት ላይ በቤቱ መሐል ወዳለው ክፍት ግቢ ወድቆ ሲሞት ቁልፉ ሱሪ ኪሱ ውስጥ ነበር። ሰገነቱ ላይ የቀሩት ሦስት ሰዎች የብረቱን በር በቡጢም በእግርም ደበደቡት፤ አልተከፈተም። ከላይ ያካፋል፤ ከታች ሬሳው ፊቱን ወደ እነሱ አቅንቶ ተንጋሏል። የእሳት አደጋ ሠራተኞች መሰላል ይዘው እስኪመጡ ድረስ ሦስቱም ላለመተያየት ሲጣጣሩ ቆዩ። በሩ ከተቆለፈ ከውጭ የገባ ሰው የለም። ከውጭ የገባ ሰው ከሌለ ደግሞ ገዳዩ አብሯቸው ዝናብ እየመታው ነው።

በሩን የቆለፈው ራሱ ሊዮንግ ነበር። «መርከቧ ከዓይን ሳትሰወር ማንም አይወጣም» የሚል ሕግ ነበረው። ቤቱ ከፔናንግ ወደብ ፊት ለፊት ነው፤ የመንገደኛ መርከቦች ሲወጡ ለማየትና ፎቶ ለማንሳት በከተማው ከዚያ ሰገነት የተሻለ ቦታ የለም። ጥሩ ቦታ ያለው ሰው ሕግ ያወጣል፤ ጥሩ ቦታ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ሕጉን ይውጣል።

ኢንስፔክተር ቫሳንቲ በማግስቱ ጠዋት ስትደርስ ሳጅን አዝላን ጉዳዩን በራሱ ጨርሶት ነበር።

«ልጅቷ ናት፣ ፑዋን» አላት ደረጃውን እየወጡ፣ በማላይኛ «እመቤት» እያለ። «የወንድሙ ልጅ፣ ስዊ ፊን። ስታበስልለት፣ ስታጥብለት ዓመታት አለፏት። አሁን መርከብ ላይ የልብስ ማጠብ ሥራ አግኝታለች፤ ነገ ማታ ትሳፈራለች። ሽማግሌው እንዳትሄድበት ፓስፖርቷን ደበቀው። የት እንደተገኘ ይገምቱ!»

«ሸሚዙ ኪስ ውስጥ።»

«ማን ነገረዎት?»

«ፈገግታህ። ቀጥል።»

«ምን ይቀጥላል? አለቀ። ለመነችው፣ እምቢ አላት፣ ገፋችው።»

«ፓስፖርቷንና የበሩን ቁልፍ አብራ ወረወረች? ከዚያ ራሷን ሰገነቱ ላይ ቆልፋ መሰላል ጠበቀች?»

ሳጅኑ ደረጃውን ቆጠረ።

በባሕሩ በኩል ሰገነቱን ደረት የሚደርስ ግንብ ይዞታል። መሐል ላይ ሁለት ትልልቅ የውሃ ታንከሮች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ከእነሱ ጀርባ የክፍቱ ግቢ አፍ አለ፤ ዙሪያው የተሠራው ግንብ ጉልበት እንኳ አይደርስም። ሊዮንግ የወደቀው በዚያ ነው። ቫሳንቲ እዚያው ቆማ ወደ ባሕሩ ዞረች። ታንከር። ወደ ግራ አዘነበለች፤ ታንከር። ወደ ቀኝ፤ የጎረቤት ግድግዳ።

«አዝላን፣ ከዚህ መርከብ ይታይሃል?»

«ከዚህማ ምን ይታያል።»

«ታዲያ መርከብ እየወጣ ሊዮንግ እዚህ ምን ይሠራ ነበር?»

በታንከሩ መደብ ላይ አንድ አሮጌ የፊልም ካሜራ ተቀምጧል። ማንጠልጠያው በሥርዓት ተጠቅልሏል፤ ሌንሱ ተከድኗል፤ ዝናብ እንዳያገኘው ደግሞ ፕላስቲክ ከረጢት ለብሷል።

«የሟቹ ነው» አለ ሳጅኑ። «መርከብ ሲወጣ ከአንገቱ አይለየውም ይላሉ።»

ቫሳንቲ ካሜራውን ሳትነካ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ ታች፣ ወደ ድንጋዩ ወለል አየች።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ፓክ ዙልን ነበር፤ ጡረታ የወጣ የጎታች ጀልባ ሠራተኛ፣ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ ሰው።

«ግንቡ ጋ ነበርኩ፣ በቀኝ በኩል» አላት። «ስዊ መሐል ነበረች። በመካከላችን አንሶላ ተሰጥቷል። ዝናብ መጣ፣ አላነሳችውም፤ አጎቷን ለማናደድ ነው። እልኸኛ ናት።»

«ሦስተኛው፣ ኪም ሁዋትስ?»

«በግራ ጫፍ፣ ከደረጃው ክፍል ወዲያ ነው የሚቆመው። ከእኔ አይታይም።»

«ሊዮንግን ሲወድቅ አልሰሙም?»

«መርከቧ ሦስቴ ጡሩንባዋን ነፋች፣ ፑዋን። የስንብት ነው። ያን ጊዜ ሰማይ ቢወድቅ አይሰማም።»

«ዞር ብለውስ አላዩም?»

«መርከብ እየወጣ ዞሮ የሚያይ ሰው እዚህ ቤት ምን ይሠራል? ያውም የአሸዋ ጫኝ ጀልባ መሐል መንገድ ላይ ተገትሮ፣ መርከቧ እንዴት እንደምታመልጥ ልቤ ተሰቅሎ!» ስልኩን አወጣ። «እዩት። ስልኬ ርካሽ ናት፤ ዓይኗ ግን ደህና ነው።»

በፎቶው ላይ የመርከቧ ሰፊ ኋላ ክፈፉን ሞልቶታል፤ ስሟ፣ «ሎተስ» የሚለው፣ በትልቁ ይነበባል። ከስሙ በላይ፣ መዋኛው አጠገብ፣ አንዲት ወፍራም ሴት ቀይ ፎጣ ታውለበልባለች።

ስዊ ፊን ወጥ ቤት ውስጥ ድስት እያጠበች ነበር። የሚበላ ሰው በሌለበት ቤት ድስቱን ሁለቴ አጠበችው።

«ያስሩኛል?» አለች ሳትዞር።

«ገና አልወሰንኩም።»

«ከነገ ማታ በፊት ይወስኑ። መርከቧ አትጠብቀኝም። በእኔ ቦታ የሚያስገቡት ሺህ ሰው አላቸው።»

«አጎትሽን ትጠይው ነበር?»

«እሱ ማንን ይወድ ነበር? ሁሉንም ሰው የሆነ ነገር ይዞበት ነበር። እኔን በፓስፖርት። ፓክ ዙልን በሰገነቱ፤ ሲያሻው "አትምጣ" ይለዋል። ሁዋትን በምን እንደያዘው እንጃ። ስሙ በከተማው የታወቀ ፎቶ አንሺ የአጎቴን በርጩማ ተሸክሞ ደረጃ ይወጣል፤ ኑድል ገዝቶለት ይመጣል፤ ሌንሱን ይወለውልለታል። እኔ ቢያንስ ዘመዱ ነኝ።»

«ትናንት መርከቡን አየሽው?»

«ሳልወድ። ተቆልፎብኝ ሌላ ምን ልይ? ከኋላ በኩል ካሉት ክፍሎች የልብስ ማጠቢያው የትኛው ይሆን እያልኩ ነበር። አንዲት ወፍራም ሴት ቀይ ፎጣ ታውለበልባለች። ለማን እንደሆነ እንጃ፤ እኔ ግን መለስኩላት።»

ቫሳንቲ ፈገግ አለች።

ቴ ኪም ሁዋት የክት ሸሚዙን ለብሶ፣ ነጭ ፀጉሩን ወደ ኋላ አበጥሮ ተቀበላት። የመርከብ አፍቃሪዎች ማኅበር አዳራሽ ውስጥ ትልቁ ፎቶ የእሱ ነው፤ መብረቅ በሰነጠቀው ሰማይ ሥር የምትወጣ መርከብ። ከሠላሳ ዓመት በፊት የተነሣ ነው። የፔናንግ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

«አንክል፣ የትናንት ፎቶዎችዎን ልይ?»

«ምን ፎቶ አለና! እኔ እስከ ዛሬ በፊልም ነው የማነሳው። ስዊ ስትጮህ ደነገጥኩ፤ ካሜራዬ ወደቀ፣ ጀርባው ተከፈተ፣ ፊልሙን ብርሃን በላው።»

«ያሳዝናል። ጥሩ ፎቶ ነበር?»

«ጥሩ?» ሽማግሌው እጁን ዘረጋ፤ ጣቶቹ አየሩ ላይ መርከብ ሳሉ። «ከመትከያው ስትላቀቅ እንደ ወትሮው አፍንጫዋን ወደ ከተማው አዞረች። ቀስ ብላ፣ ከእነዚህ አሮጌ ጣሪያዎች በላይ ነጭ አፍንጫዋ ሲያልፍ፣ መልሕቋ ላይ ዝናቡ ሲያብረቀርቅ... በሕይወቴ እንደዚያ ያለ አላነሳሁም።»

«ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዩዋት?»

«ከመርከብ ላይ ዓይኔን ነቅዬ አላውቅም፣ ፑዋን።»

«አምናለሁ» አለች ቫሳንቲ፣ ተነሥታ። «እስኪ ከፓክ ዙልና ከልጅቷ ጋር እስከ ነገ አይነጋገሩ።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም በሊዮንግ መኝታ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ጠባብ ክፍል ነው፤ አልጋው ግማሹን ይዞታል፤ መስኮቱ ተዘግቷል፤ ሙቀቱ ያፍናል። ከውጭ፣ ወደቡ ላይ፣ የስዊ ፊን መርከብ መንገደኞችን እየጫነች ነው፤ የድምፅ ማጉያው ጥሪ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል። ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ መጥታለች። ሳጅኑ በሩ ላይ ቆሟል።

«እንደገና ሊቆለፍብን ነው?» አለ ፓክ ዙል። «ስለ አላህ፣ መስኮቱን እንኳ ክፈቱት።»

«እከፍተዋለሁ፤ ትንሽ ይታገሡኝ» አለች ቫሳንቲ። «መጀመሪያ ያስገረመኝ ቦታው ነው። ሊዮንግ የወደቀው መርከብ ከማይታይበት ጥግ ነው። መርከብ ለማየት ሰው የሚቆልፍ ሰው፣ መርከቧ እየወጣች ታንከር ጀርባ ምን አስኬደው? ዝናብ ነበር፤ ሌንሱ ረጠበ። ታንከሩ ደግሞ ከነፋስም ከካፊያም ይከልላል። ለማስወልወል ሄደ።»

ሁዋት የሸሚዙን ቁልፍ ነካ።

«ሁለተኛው ካሜራው ነው። ሰውየው ከሦስት ፎቅ ላይ ወደቀ፤ አንገቱ ላይ የሚውለው ካሜራ ግን ሌንሱ ተወልውሎ፣ ተከድኖ፣ ከረጢት ለብሶ ላይ ቀረ። ገዳዩ ሰውየውን ጣለው፤ ካሜራውን ለመጣል ግን እጁ እምቢ አለው። ስዊ ፊን ብትሆን?»

«አብሬ እወረውረው ነበር» አለች ልጅቷ።

«ምናለ ዝም ብትዪ!» አላት ፓክ ዙል።

«ፓክ ዙል ደግሞ ከስልክ በቀር ካሜራ ይዘው አያውቁም፤ ከረጢት ማልበሱን ከየት ያመጡታል?»

«ፑዋን» አለ ሁዋት በለሆሳስ፣ «ሌንሱን ሁልጊዜ እኔ እንደምወለውል ሰው ሁሉ ያውቃል። ያን ዕለት ቀደም ብዬ ወልውዬለት ወደ ቦታዬ ተመለስኩ። መርከቧን እያየሁ ነበር አልኩ እኮ።»

«ብለዋል። አፍንጫዋን ወደ ከተማው እንዴት እንዳዞረች አሳምረው ነግረውኛል።»

ፓክ ዙል ቀና አለ። «ምን? አፍንጫዋን? የትኛዋ መርከብ?»

«ይንገሩት፣ ፓክ ዙል።»

«ሁዋት፣ አንተ ሰው፣ የአሸዋው ጀልባ መንገድ ዘግቶባት በተቃራኒው አይደል እንዴ የዞረችው! ኋላዋን አይደል የሰጠችን! ስንት ዓመት አይቼ የማላውቀውን...» ጓደኛውን አየው። ቀስ ብሎ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ።

«ስልኩ ላይ የመርከቧ ኋላና ቀይ ፎጣ የያዘች ሴት አሉ» አለች ቫሳንቲ። «ስዊ ፊንም ያቺኑ ሴት አይታለች፤ አጸፋውንም መልሳለች። ስለዚህ ሁለቱ ግንቡ ጋ ነበሩ። እርስዎ ግን፣ አንክል፣ ከታንከሩ ጀርባ ነበሩ። መርከብ ስለማያውቁ አይደለም የተያዙት። ሌላ ሰው ቢሆን "አላስታውስም" ይል ነበር። እርስዎ ግን መርከብ ከዚህ ወደብ እንዴት እንደሚወጣ ከልክ በላይ ያውቃሉ፤ ያላዩትን እንዳዩ አድርገው ነገሩኝ። ጡሩንባው ካበቃ በኋላ ከታንከሩ ጀርባ ሲወጡ መርከቧ አቅንታ ወደ ሰሜን እየሄደች ነበር፤ በየት ዞራ እንደቀናች ማወቂያ አልነበረዎትም።»

«በምን ምክንያት?» አለ ሁዋት። «ምን ምክንያት አለኝ?»

ቫሳንቲ መስኮቱን ከፈተችው። ብርሃኑና የወደቡ ጫጫታ አብረው ገቡ። ከቦርሳዋ የመብረቁን ፎቶ ቅጂ አውጥታ በተዘረጋው ክንዷ ያዘችው። በፎቶው ግራ ጠርዝ ላይ ጥቁር፣ ጥርሳም ነገር አለ፤ ማንም ልብ ብሎት አያውቅም። የዚህ መኝታ ክፍል መስኮት መዝጊያ ነው፤ የተሰበረውን አንድ እንጨት ጨምሮ። ከእሱ ቀጥሎ የጉምሩኩ ሰዓት ማማ፣ ፎቶው ላይ እንዳለው፣ ግማሹ ብቻ ይታያል።

«ይህ ከሰገነቱ አልተነሣም። ከዚህ አልጋ ነው። ስዊ፣ ያን ዓመት አጎትሽ ምን ሆኖ ነበር ብለሽኛል?»

«እግሩ ተሰብሮ ተኝቶ ነበር። ስንት ወር አልጋ ላይ እንደቆየ ሲያማርር ነው ያደግኩት።»

«ፊልሙን አጥቦ የሚያመጣለት ጓደኛው ደግሞ እርስዎ ነበሩ፣ አንክል።»

ሁዋት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ሲናገር መስኮቱን እንጂ ሰዎቹን አያይም።

«ፎቶው በጋዜጣ ላይ በስሜ ሲወጣ ሊዮንግ ሳቀ። "ያዘው፣ ስጦታዬ ነው" አለኝ። በማግስቱ "በርጩማዬን አምጣ" አለ። ከዚያ ወዲህ በርጩማውን አስቀምጬ አላውቅም።»

«ያን ዕለትስ?»

«ሌንሱን ስወለውል "ዛሬ መርከቧ ስትሄድ ለዙል እነግረዋለሁ" አለኝ። ንገረው አልኩት። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ፤ ሊያበቃ ነው ብዬ። ፊቴን አየና ሳቀ። "አይ፣ እንዲያውም አልነግረውም" አለ። ከዚያ ጡሩንባው ተነፋ።» እጆቹን ጭኑ ላይ ገለበጣቸው። «ካሜራው እጄ ላይ ነበር። መጀመሪያ አስቀመጥኩት።»

ሳጅኑ ክንዱን ይዞ ሲያስወጣው ፓክ ዙል መንገድ ለቀቀለት።

ቫሳንቲ ፓስፖርቱንና የሰገነቱን ቁልፍ አልጋው ላይ አኖረች። «የአንቺ ናቸው።»

ስዊ ፊን ፓስፖርቱን አንሥታ ስሟን አነበበች፤ የሌላ ሰው እንዳይሆን የፈራች ይመስል። ቁልፉን ፓክ ዙል መዳፍ ላይ ጣለችው።

«የሚመጣ ሰው ካለ ይምጣ» አለችው። «ማንም ላይ ግን አይቆልፉ።»

«በየት በኩል ትቆሚያለሽ?» አለ ፓክ ዙል ስልኩን እየፈለገ፤ ዓይኑ ቀልቷል። «አነሳሻለሁ። ቀይ ነገር ያዢ፣ እንዳትጠፊብኝ።»

«ልብስ ማጠቢያው ታች ነው፣ ፓክ ዙል። መስኮት የለውም።»

«ለአንድ አፍታ ብቅ በያ!»

«አይፈቅዱም።»

«ታዲያ ይሄ ምን መሄድ ነው? ከእስር ወደ እስር!»

«ይሄኛውን የመረጥኩት እኔ ነኝ» አለች። ሻንጣዋን አነሣች፣ ወጣች፣ በሩን በገዛ እጇ ዘጋችው።