ያልተፈታው ከረጢት

የአዝማራ ወንዝ እንደ ደም ቀልቶ በወረደ ዕለት፣ የዝናብ ደወል ከንጉሡ ማማ መሰረቁ ታወቀ። ደወሉ ካልተመለሰ ክረምት አይገባም። የዘበኞቹ አለቃ ልጅ ዘሚካ «ደወሉን ሳልይዝ ብመለስ ምድር አትቀበለኝ!» ብላ ምላ ተነሣች። ታናሽ ወንድሟ ፋንቱልና መንገድ መሪው ሽማግሌ ኦርዳን ተከተሏት።

በአዝማራ ሕግ፣ አብሮ የሚጓዝ ሰው ጓዙን በባልንጀሮቹ ፊት ፈትቶ ያሳያል። «ጓዙን ያልፈታ ልቡን ቋጥሯል» ይባላል። ኦርዳን ግን የቆዳ ከረጢቱን አልፈታም አለ።

«ንጹሕ ጨርቅ ነው። እጅ ከበዛበት ይቆሽሻል።»

«ለጨርቅ ይህን ያህል? ሙሽራ ደብቀው እንዳይሆን!» አለ ፋንቱል።

ዘሚካ አልሳቀችም። ሽማግሌው ወደ ኋላ በቀረ ቁጥር ለሌባው ምልክት የሚሰጥ ይመስላት ነበር።

ሌባው ጉምዛር የሚባል ቆዳው ድንጋይ የሆነ አውሬ ነበር። ዋሻው ደርሰው ፋንቱል ደወሉን መንትፎ ሲወጣ፣ የጉምዛር ጥፍር የዘሚካን ጭን ዘነጠለው። ኦርዳን ከቋጥኝ ጀርባ ጎትቶ አስተኛትና ከረጢቱን ፈታ። እውነትም ጨርቅ ነበር። ቁስሉ ላይ ደፍቶ በሁለት እጁ ተጫነ።

ዘሚካ ግን መርዝ ይሆናል ብላ ፈራች። እጁን ገፍትራ ጨርቁን ገለጠችው። ደሙ እንደገና ተንፎለፎለ።

«አይገለጥም!» የቀረውን ጨርቅ ሁሉ ደረበበት። ከቁስሉ ከፍ አድርጎም በጠፍር አሰረና በእንጨት እያጠማዘዘ አጠበቀው።

«አንተ! እግሬን ልትቆርጠው ነው? ፍታው!» አንቱታውን ጣለች።

«ይመም፣ ልጄ። ካላመመሽ አልጠበቀም።»

ያን ጊዜ ጉምዛር ከኋላው ደረሰ። የኦርዳን ጎራዴ አጠገቡ ነበር፤ እጁን ግን ከጨርቁ አላነሣም። የጉምዛር ጥፍር ጀርባውን ሲሰነጥቀው፣ ዘሚካ በትከሻው አሻግራ ጦሯን በአውሬው አፍ ሰደደች። አውሬው ተገንድሶ ወደቀ።

እጇ ጨርቅ ፍለጋ ወደ ከረጢቱ ሮጠ። ባዶ ነበር። ፋንቱል ሸማውን ቀድዶ የሽማግሌውን ጀርባ ተጫነ፤ ቁስሉ ግን እስከ ሳንባው ዘልቋል።

«አባቴ... እኔ ባልገልጠው ኖሮ...»

«ጠፍሩን» አለ ኦርዳን በተቆራረጠ ትንፋሽ፣ «ሐኪም ዘንድ ሳትደርሺ... እንዳትፈቺው።»

የመጨረሻ ቃሉ ይህ ሆነ። ሳትፈታው ደረሰች። ደወሉ ተደወለ፤ ክረምቱም ገባ።

ሌላ ዘመቻ በመጣ ጊዜ፣ አንድ አዲስ ጦረኛ የዘሚካን ከረጢት በጎሪጥ አይቶ «አለቃ፣ የሁላችን ጓዝ ተፈትቷል፤ የእርስዎ ምነው ቀረ?» አላት።

ዘሚካ እያነከሰች ቀረበችው። ያን ዓይን ታውቀዋለች፤ የራሷ ነበር።

«ንጹሕ ጨርቅ ነው» አለችው። «አንተ ስትቆስል ይፈታል።»