የደሴቲቱ ጀርባ

እኔ ፀጉር የምሠራበትና እሱ ብስክሌት የሚጠግንበት ሱቆች ፊት ለፊት ናቸው። መሃላችን ጠባብ መንገድና ሁለት መስታወት ብቻ ነበር። የደንበኛ ፀጉር እየተኮስኩ ቀና ስል ዓይኑ እኔ ላይ ነው፤ ሳየው ደንግጦ ጎንበስ ይልና በከንቱ ጎማ ያሽከረክራል። የሰፈሩ ሰው «ቀስ በሉ» የሚል ቅጽል ስም አውጥቶለታል፤ ለሁሉም ደንበኛ የሚለው ያንኑ ስለሆነ ነው። እኔንም እስኪያናግረኝ አንድ ክረምት ሙሉ ፈጀበት።

ካናገረኝ በኋላ ግን አልዘገየም። አሮጌ ብስክሌት አድሶ በቁመቴ ልክ አስተካከለልኝ። መንዳት አስተማረኝ፤ ሰንሰለት ሲወልቅ እንዴት እንደሚመለስ አሳየኝ። ከዚያ አንድ ቀን፣ እጁ በሰንሰለት ግራሶ እንደተለወሰ፣ እንዳገባው ጠየቀኝ።

ወዲያው እሺ አላልኩም። እንደምወደው አውቃለሁ፤ የፈራሁት ሌላ ነው። በልጅነቴ ሳንባዬን ታምሜ ነበር። ከዳንኩ ስንት ዘመኔ፣ እናቴ ግን ዛሬም የውሃ ባልዲ ከእጄ ትነጥቀኛለች፤ ወንድሞቼ ደረጃ ስወጣ ክንዴን ይይዛሉ። ከአንዱ እቅፍ ወጥቼ ሌላ እቅፍ ውስጥ መግባት አልፈለግሁም። እሱ ከከተማችን ፊት ለፊት ባሕሩ ላይ ያለችውን ደሴት በብስክሌት እንዙራትና ከተነሳንበት ወደብ ስንመለስ መልስሽን ትነግሪኛለሽ አለኝ። አንድ አዳር ነው። እንዲህ ያለ ረጅም መንገድ ሁለታችንም ሄደን አናውቅም ነበር።

ጠዋት ከጀልባ እንደወረድን ቦርሳዬን ከእኔ ብስክሌት ፈትቶ የራሱ ላይ ደረበው። ከወደቡ ወጣ እንዳልን አቀበት ስላለ እንዳይከብደኝ ነው። ስልኬም፣ ገንዘቤም፣ ምሳዬም፣ የውሃ ኮዳዬም ውስጡ ነበሩ። ከፋኝ።

አቀበቱ አያልቅም። እሱ ይቀድምና መታጠፊያው ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ስደርስ እንደገና ይቀድማል። በኋላ ትዕግሥቴ አለቀ።

«እንደ ሕፃን አትጠብቀኝ። አንተ በራስህ ፍጥነት ሂድ፤ እኔም በራሴ እመጣለሁ።»

ፊቱ ጠቆር አለ። «እሺ» ብሎ ሄደ፤ መታጠፊያው ሰወረው።

አናቱ ላይ አንድ የፈረሰ ቤት አለ፤ ከጀርባው የውሃ ቧንቧ። ለካ እኔ ስደርስ ቀዝቃዛ ውሃ ሊሰጠኝ ብስክሌቱን ይዞ ከቤቱ ጀርባ ሄዶ ኮዳዎቻችንን እየሞላ ነበር። ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው። እኔ ያየሁት ባዶ መንገድና ቁልቁለት ብቻ ነው። ቃሌን ይዞ ጥሎኝ ሄደ ብዬ ሳልቆም ተንደረደርኩ።

ከተራራው ወዲያ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ለበጋ እንግዶች የተሠሩ ቤቶች መስኮታቸው ተዘግቶ ተደርድረዋል። ባሕሩ በግራዬ ነው። በየመታጠፊያው ሰማያዊ ሸሚዙን አያለሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ስደርስ መንገድ ብቻ። «ቀስ በሉ» የሚባል ሰው ዛሬ ምን አስቸኮለው እያልኩ ብቻዬን ተናደድኩ። በኋላ ንዴቱም ጥሎኝ ሄደ።

ከሰዓት ሰንሰለቱ ወለቀ። ብስክሌቱን ገልብጬ፣ እንዳሳየኝ አድርጌ መለስኩት። ሲሽከረከር ሳየው ደስ አለኝ፤ በግራሶ የተለወሰ እጄን ይዤ የማሳየው ሰው ፍለጋ ዞር አልኩ። ማንም አልነበረም። እንደዚያ ሰዓት ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም።

አመሻሽ ላይ በራቸው ክፍት የነበረ አንዲት እናት አስጠጉኝ። በብስክሌት ያለፈ ሰው አይተው እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ ቀኑን ሙሉ ጓሮ ስለነበሩ አያውቁም። በዚያ ደሴት ከወደቡ በቀር ስልክ አይሠራም። የምከፍላቸው ስላልነበረኝ በወጥ ቤት መቀስ ፀጉራቸውን አስተካከልኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ልጆቼ ከሄዱ ወዲህ ራሴን የነካው ሰው የለም» አሉ። እጄን ቶሎ ማንሳት አልቻልኩም።

ያን ሌሊት አልቅሻለሁ፤ አልዋሽም። ሲነጋ ግን ቁርጤን አውቄ ነበር። በአንድ ቃል ተናዶ መንገድ ላይ የጣለኝን ሰው አላገባም።

በማግስቱ ዙሬን ጨርሼ ወደቡ ስደርስ ጀልባው ሊነሳ ነው። እሱ የለም። «አላገባህም» የሚለውን ቃል ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ትኬት ቆራጩ ብስክሌቴን አየና ጠራኝ።

«እህቴ፣ ሁለት ቦርሳ የጫነው ልጅ የሚፈልገው አንቺን ነው? ትናንት አመሻሽ ላይ መጥቶ ሴት ተመልሳ እንደሆነ ጠየቀኝ። የለችም ስለው ወደ አቀበቱ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ አልወረደም።»

ሳሳድደው የዋልኩት ሰው ከኋላዬ ነበር። ሳላየው አልፌው ኖሯል፤ እሱ ቆሞ ይጠብቀኛል። ጀልባው ጮኸ፤ እኔ ብስክሌቴን ወደ አቀበቱ አዞርኩ።

የፈረሰው ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ቁልቁል ያያል። ሁለቱ ቦርሳዎች አጠገቡ ናቸው፤ የእኔ ኮዳ እንደተሞላ ነው። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል። ዓይኑን ከተከለበት መንገድ ስመጣ አየኝና ተነሳ።

«መጣሽ» አለ። ድምፁ ከመጣራት ብዛት ሰልሏል። «ወድቀሽ ይሆናል ብዬ ገደሉን ሁሉ ፈለግሁ። የት ነበርሽ?»

«ከፊትህ ነበርኩ። ዞሬ መጣሁ።»

አልገባውም። መንገዱን አየ፤ ከዚያ ጥፍሬ ውስጥ የቀረውን ግራሶ አየ።

«ሙሉውን? ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

«ትቀድሚኛለሽ ብዬ አላሰብኩም» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«እኔም ከኋላዬ ትሆናለህ ብዬ አላሰብኩም።»

ቦርሳዬን አነሳ። ወደ ብስክሌቱ ሊወስደው ነው ብዬ ስጠብቅ አቀበለኝ። ተቀብዬ ከኋላዬ አሰርኩት፤ እሱ ቆሞ ያያል፤ እጁ ሊረዳኝ እያለ ይመለሳል። የመጨረሻውን ቋጠሮ ስጨርስ «እሺ፣ አገባሃለሁ» አልኩት።

ከተጋባን ቆየን። የደሴቲቱ ጀርባ እንዴት እንደነበር እስከ ዛሬ ይጠይቀኛል። የተዘጉትን ቤቶች፣ የእኒያን እናት ፀጉር ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። በግራሶ የተለወሰ እጄን ይዤ ዞር ያልኩባትን ያቺን ሰዓት ግን አልነገርኩትም። ልነግረው አፌን ስከፍት የተሞላ ኮዳዬን ይዞ ብቻውን የተቀመጠበት ደጃፍ ይታየኛል፤ እንደገና የተዘጉትን ቤቶች እነግረዋለሁ።